የሴንት አንድሩስ ጎልፍ፦ ሆቴል መያዝ ሜዳ መያዝ አይደለም

ወደ ስኮትላንዷ ሴንት አንድሩስ ለጎልፍ ዕረፍት የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ ዕቅዱን የሚጀምረው ከሆቴል ነው። ከዝነኛው ኦልድ ኮርስ ጎን በሜዳው ስም የሚጠራ፣ ስፓ ያለው ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል ስላለ፣ እዚያ ክፍል የያዘ ሜዳውንም የያዘ ይመስለዋል። ብዙ ገንዘብ የወጣበትን ዕረፍት የሚያበላሸው ይኸው እምነት ነው።

ኦልድ ኮርስ የሆቴሉም የክለብም ንብረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1552 የከተማዋ ሊቀ ጳጳስ ያጸደቁት ሰነድ ሕዝቡ በዚያ የባሕር ዳር መስክ ጎልፍ የመጫወት መብት እንዳለው አረጋግጧል። ዛሬም የሕዝብ ነው፤ የሚያስተዳድረው በ1974 በወጣ ሕግ የተቋቋመ ባለአደራ ድርጅት ነው። የሆቴሉ የራሱ ሜዳ ዱክስ የሚባለው፣ ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኘው ነው።

ታዲያ እንግዳ እንዴት ይጫወታል? ወራት ቀድሞ ማመልከት አንዱ መንገድ ነው። ሌላው ዕጣ ነው፦ ከጨዋታው ሁለት ቀን በፊት ስም ይመዘገባል፣ የደረሰው ይገባል። አንድ ሌሊት ብቻ ያደረ ሰው ዕጣው ካልወጣለት ሜዳውን በዓይኑ አይቶ ይመለሳል። ሦስት አራት ቀን የሚቆይ ግን ደጋግሞ መሞከር ይችላል።

እሑድ ግን ዕጣም የለም። ከትልልቅ ውድድሮች በቀር ኦልድ ኮርስ እሑድ ለጎልፍ ዝግ ነው፤ የከተማው ሰው ከነልጆቹና ከነውሾቹ ይንሸራሸርበታል። ጎብኚም በነፃ ገብቶ ዝነኛውን የስዊልከን ድልድይ መሻገር ይችላል። ቅዳሜና እሑድን ብቻ አስቦ የሚመጣ ተጫዋች ይህን ሳያውቅ ቲኬት ባይቆርጥ ይሻለዋል።

«ለጀማሪ ቦታ የለም» የሚባለውም ትክክል አይደለም። ኦልድ ኮርስ የሃንዲካፕ (የተጫዋቹን የችሎታ ደረጃ የሚያሳይ ቁጥር) ማስረጃ ይጠይቃል፣ በበጋም ዋጋው ከ300 ፓውንድ ይበልጣል። ጀማሪና ሕፃናት ግን ባለ ዘጠኝ ጉድጓዱን ባልጎቭን መጫወት ይችላሉ። ሂማላያስ የሚባለው ወጣ ገባ የፓቲንግ ሜዳ ደግሞ በ1867 የተመሠረተው የሴቶች ክለብ ቢሆንም፣ በጥቂት ፓውንድ ለማንም ክፍት ነው። ቤተሰብ ይዞ ለመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ ከሰዓት በኋላ ማግኘት ከባድ ነው።

ስፓን በተመለከተ ሳውና በላብ መርዝ ያወጣል የሚለው እምነት ሥር ሰዷል። ላብ በአብዛኛው ውኃና ጨው ነው፤ ደምን የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው። ሙቀቱ የደከመ ጡንቻን ያፍታታል፣ መንፈስንም ያረጋጋል፤ ይህ ራሱ በቂ ጥቅም ነው። በኦልድ ኮርስ ከሕክምና ምክንያት በቀር በጎልፍ መኪና መጫወት አይፈቀድም። ስለዚህ አሥራ ስምንት ጉድጓድ በእግሩ የጨረሰ ሰው ብዙ ፈሳሽ አጥቷልና ከሳውና በፊት ውኃ ይጠጣ፤ አልኮል ይቅርበት። ነፍሰ ጡርና የልብ ሕመምተኛ አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ።

ባቡሩ ከተማዋ ድረስ ይገባል ብሎ የሚያስብም አለ። የሴንት አንድሩስ ጣቢያ በ1969 ተዘግቷል። ከለንደን ኪንግስ ክሮስ የተሳፈረ መንገደኛ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሉካርስ ወርዶ በአውቶቡስ ይጨርሳል። ይህችው ጣቢያ ለቀን ጉዞ ትመቻለች፤ ከዚያ ወደ ዳንዲ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። እዚያ በ2018 የተከፈተው የዲዛይን ሙዚየም አለ፤ ከአጠገቡ ካፒቴን ስኮትን ወደ አንታርክቲካ የወሰደችው ዲስከቨሪ መርከብ ቆማለች። ወደ ሁለቱም ከዳንዲ ጣቢያ በእግር ስለሚደረስ መኪና መከራየት አያስፈልግም።