ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር ቤተሰብ በከተማዋ ዳርቻ መኖሪያ ሲመርጥ ሊያጤናቸው የሚገቡ ጉዳዮች

በሥራ ዝውውር፣ በትምህርት ወይም በሌላ ምክንያት ከክልል ከተሞች ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ቤተሰብ አብዛኛውን ጊዜ መኖሪያውን የሚያገኘው በመሀል ከተማ ሳይሆን በዳርቻ ነው። ጀሞ፣ ለቡ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አያት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ፣ እንዲሁም ከከተማዋ ወሰን አልፈው የሚገኙት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ጠዋት ወደ መሀል የሚጓዝ፣ ማታ የሚመለስ ሠራተኛ የሚኖርባቸው አካባቢዎች ናቸው። የኪራይ ዋጋቸው ከመሀል ከተማው ዝቅ የሚል በመሆኑ ተመራጭ ሆነዋል። ይሁንና አንድ ቤት ርካሽ መሆኑ የሚታወቀው ኪራዩ ብቻ ታይቶ ሳይሆን ከቤቱ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚደረገው ጉዞ ወጪ ጭምር ሲሰላ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ሁለት ወላጆችና አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ያሉት ቤተሰብ ሁለት ቤቶችን ያወዳድራል እንበል። ራቅ ያለው ቤት በወር 3,000 ብር ይቀንሳል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ተጓዥ በመሄጃም በመመለሻም 20 ብር የሚያስከፍል አንድ ተጨማሪ ታክሲ መያዝ ይኖርበታል። ሦስት ሰዎች በወር 22 ቀን ሲመላለሱ 132 ተጨማሪ ጉዞ ይሆናል፤ ወጪውም 2,640 ብር ነው። ከ3,000 ብሩ ቅናሽ በእጅ የሚቀረው 360 ብር ብቻ ነው። ጉዞው በእያንዳንዱ አቅጣጫ 40 ደቂቃ የሚጨምር ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው በወር ከ29 ሰዓት በላይ በመንገድ ላይ ያጠፋል። ይህ ጊዜ ከልጆች የቤት ሥራ ክትትልና ከእንቅልፍ የሚቀነስ ነው።

ጉዞው እንዴት ይመዘን?

ምርጫው ከቤቱ ሳይሆን ከሥራ ቦታው መጀመር አለበት። ሥራው ሜክሲኮ አካባቢ የሆነ ሰው ጀሞንና ለቡን፣ መገናኛ የሚውል ሰው ደግሞ አያትንና የካ አባዶን አስቀድሞ ቢያይ መሀል ከተማውን በየቀኑ ከማቋረጥ ይድናል። ሰበታ የሚኖር ሰው በዓለም ገናና በአየር ጤና በኩል፣ ቡራዩ የሚኖር በአስኮ በኩል ይገባል፤ ከሱሉልታ የሚመጣው የእንጦጦን ዳገት ይሻገራል። ባልና ሚስት በተለያየ አቅጣጫ የሚሠሩ ከሆነ፣ አንዱ እጅግ ቀርቦ ሌላው እጅግ ከሚርቅ ይልቅ ልጆችን ከትምህርት ቤት ለሚያመላልሰው ወላጅ የሚቀርበውን መምረጥ ይሻላል።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት፤ አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ የተዘረጋ ነው። ለመስመሮቹ የቀረበ ቤት ጠቀሜታ ቢኖረውም ባቡሩ በሚዘገይበት ቀን ምን አማራጭ እንዳለ አብሮ መታየት አለበት። በሚኒባስ ታክሲ ለሚገለገሉ ነዋሪዎች ዋናው ችግር የታሪፉ መጠን ሳይሆን በመውጫና በመግቢያ ሰዓት መንገድ ማቆራረጥ ነው። በታሪፍ አንድ ጉዞ የሆነው መንገድ ለሁለት ሲከፈል ወጪው ከፍ ይላል፤ ከላይ የቀረበው ስሌትም ይዛባል። የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ የቤተሰብ አባል ካለ፣ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡስ በሚፈለገው አካባቢ የሚያልፍ መሆኑንና ሠራተኛው የሚሳፈርበትን ፌርማታ ከመሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ይህ አንድ ጥያቄ ብቻ ውሳኔውን ሊለውጥ ይችላል።

ቤትን በእሑድ ከሰዓት በኋላ አይቶ መዋዋል የተለመደ ስሕተት ነው፤ በዚያ ሰዓት ከየትኛውም የከተማዋ ዳርቻ ወደ መሀል መድረስ ቀላል ይመስላል። ትክክለኛው መመዘኛ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከቤቱ ደጃፍ ተነስቶ እስከ ሥራ ቦታ መሄድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላም በዚያው መንገድ መመለስ ነው።

የአስተዳደር ወሰን

በዳርቻ አካባቢዎች ሁለት ጎረቤት ሰፈሮች በሁለት የተለያዩ አስተዳደሮች ሥር ሊሆኑ ይችላሉ። ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታንና ለገጣፎ ለገዳዲን የሚያካትተው የሸገር ከተማ የኦሮሚያ ክልል አካል ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባና በኦሮሚያ መካከል የአስተዳደር ወሰን ስምምነት ከተደረሰ ወዲህም አንዳንድ ሰፈሮች የሚገለገሉበት ጽሕፈት ቤት ከቀድሞው የተለየ ሊሆን ይችላል። በዚህ ረገድ የደላላ ቃል በቂ ማስረጃ አይደለም፤ ቤቱ በየትኛው ወረዳ እንደሚገኝ በጽሕፈት ቤቱ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ልዩነቱ በይበልጥ የሚታየው በትምህርት ነው። በሸገር ከተማ የመንግሥት አንደኛና መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያው በዋናነት አፋን ኦሮሞ ሲሆን በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ። በአዲስ አበባ ደግሞ ዋናው ማስተማሪያ አማርኛ ሆኖ በአፋን ኦሮሞ የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ይገኛሉ። ከጅማ ወይም ከአዳማ በአፋን ኦሮሞ ሲማር የመጣ ልጅና ከደሴ በአማርኛ ሲማር የመጣ ልጅ የሚመቻቸው ትምህርት ቤት አንድ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ ቤት ከመከራየት በፊት በእግር ሊደረስበት በሚችል ርቀት ተስማሚ ትምህርት ቤት መኖሩንና ቦታ ያለው መሆኑን ማጣራት ይገባል። በተለይ ለ6ኛ ወይም ለ8ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጅ ልጅ ያለው ቤተሰብ፣ የሚቻል ከሆነ፣ ዝውውሩን ለክረምት ቢያቆየው ይመረጣል።

የተለያየ ቋንቋና እምነት ያላቸው ነዋሪዎች ተቀላቅለው የሚኖሩበት ሰፈር ለአዲስ መጤ ቤተሰብ ቶሎ ይቀናል። በዕጣ የተላለፉት የኮንዶሚኒየም መንደሮች ነዋሪዎቻቸው ከተለያዩ ቦታዎች የመጡ በመሆናቸው በዚህ ረገድ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሰፈሩ እንግዳ ተቀባይ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ የእድሩን ሰብሳቢ ማነጋገር ከብዙ ጥያቄ ያሳርፋል፤ አዲስ አባል በምን ሁኔታ እንደሚቀበሉና የመግቢያ ክፍያው ስንት እንደሆነም በዚያው ይታወቃል።

ደኅንነትና መሠረታዊ አገልግሎት

የአካባቢው ደኅንነት የሚመዘነው በቀን ሳይሆን በማታ ነው። ከታክሲ መውረጃው እስከ ቤቱ ያለው መንገድ መብራት አለው ወይ? ሱቆች እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ናቸው? ጥበቃ በነዋሪዎች መዋጮ ተቀጥሯል ወይ? በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ በአካባቢው ለሚኖሩ ሴቶችና በማታ ትምህርት ለሚመላለሱ ወጣቶች መልስ ቅድሚያ መስጠት ይገባል። በወንዝ ዳር ያለ ቤት በክረምት ጎርፍ የሚደርስበት መሆኑንም ጎረቤት ያውቀዋል። በኮንዶሚኒየም ውስጥ የጋራ ሕንፃው ማኅበር ስለ ጥበቃ፣ ስለ ጽዳትና ስለ ወርሃዊ መዋጮ መረጃ ይሰጣል።

ውኃ በብዙ አካባቢዎች የሚደርሰው በፈረቃ በመሆኑ ቀኑንና ሰዓቱን፣ የማጠራቀሚያ ሮቶ መኖሩን፣ ውኃው እስከ ላይኛው ፎቅ የሚወጣ መሆኑን መጠየቅ ያሻል። አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ቤተሰብ፣ አረጋዊ ወላጅ ወይም ነፍሰ ጡር ካለች፣ ይህ ከባድ ጉዳይ ነው።

ውልና ሰነድ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እንዲሁም ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ተፈጻሚ ነው። በአዋጁ መሠረት ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ከ2 ዓመት ላላነሰ ጊዜ ይደረጋል፤ በ30 ቀናት ውስጥም በተቆጣጣሪው አካል መመዝገብ አለበት። ቅድመ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ አይበልጥም፤ ኪራዩ የሚከፈለውም በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ነው። የስድስት ወር ቅድሚያ የተጠየቀ ተከራይ ይህን ድንጋጌ ጠቅሶ መከራከር ይችላል። ውል ማስመዝገብ የማይፈልግ አከራይ ሲያጋጥም ቤቱ ሕጋዊ ሰነድ የሌለው ሊሆን ስለሚችል ምክንያቱን ማጣራት ተገቢ ነው።

ለመግዛት ያሰበ ቤተሰብ ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ የሚያጋጥመው እዚህ ላይ ነው። በዳርቻ አካባቢ በተለምዶ የጨረቃ ቤት የሚባሉ ያለ ፈቃድ የተሠሩ ቤቶችና ከአርሶ አደር ጋር በተደረገ የግል ውል ብቻ የተያዙ ቦታዎች ለገበያ ይቀርባሉ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ እንዲህ ያለው ውል የይዞታ መብት አያስገኝም፤ ቤቱ ሲፈርስ ገዢው የከፈለውን ገንዘብ መልሶ የሚያገኝበት ዕድልም ጠባብ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የይዞታ ማረጋገጫ ካርታው በአካባቢው የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት እንዲጣራ፣ ሽያጩም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲፈጸም ያስፈልጋል።

የሚዛወረው ቤተሰብ ከቀድሞ ወረዳው ሳይለቅ በፊት የነዋሪነት መሸኛ ደብዳቤ፣ ከትምህርት ቤት የልጆችን የትምህርት ማስረጃና መሸኛ፣ ከጤና ጣቢያ የሕፃናት ክትባት ካርድ መያዝ አለበት። የፋይዳ ቁጥር በቦታ ለውጥ አይቀየርም፤ ይሁን እንጂ የነዋሪነት መታወቂያን አይተካም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብም አባልነቱ ከመኖሪያ ወረዳው ጋር የተያያዘ በመሆኑ በአዲሱ ወረዳ መቼ መመዝገብ እንደሚችል ከመነሣቱ በፊት ቢጠይቅ፣ በመካከሉ ያለ ሽፋን የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል።