የአንድ ሕፃን መልክ ምን ይነግረናል?

የሰውን መልክ የሚያሳይ ሥዕል ወይም ፎቶግራፍ ሲቀርብልን፥ አብዛኞቻችን ወዲያው «ይህ አዝኗል»፤ «ያኛው ኰርቷል» ብለን እንፈርዳለን። ይሁን እንጂ ከፍርዱ በፊት ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባናል፤ ይኸውም ዓይን የሚያየውን፥ ሠሪው ያሰናዳውንና ታሪክ የሚጨምረውን ነው።

ከኢምፕሬሽኒስቶች ብዙ የተማረው የሆላንዱ ሠዓሊ ቫን ጎግ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1890 የሐኪሙን የዶክተር ጋሼን መልክ ሥሏል። ሐኪሙ ራሱን በእጁ ደግፎ መተከዙን ማንም ያያል። በፊቱ ያለው ተክል ግን ለልብ ሕመም መድኃኒት የሚሆነው ዲጂታሊስ መሆኑን ያላወቀ ሰው፥ ትካዜውን እንጂ ሐኪምነቱን አያገኘውም።

እኛም የራሳችን ምሳሌ አለን። ዝነኛዋ እንግሊዛዊት ፎቶግራፍ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በ1860 ዓ.ም. ክረምት፥ ዋይት በምትባለው የእንግሊዝ ደሴት የዓፄ ቴዎድሮስን ልጅ ዓለማየሁን አንሥታዋለች። የሰባት ዓመቱ ልጅ የአገሩን ልብስ ለብሷል፤ ፈገግታ ግን የለውም።

«ያዘነ ልጅ ነው» ማለት ቀላል ነው። ዳሩ ግን በካሜሮን መሣሪያ ፊት ረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ግዴታ ስለ ነበረ፥ ጐልማሳውም ቢሆን ፈገግ ለማለት አይመቸውም ነበር። ልብስም ብቻውን ማንነትን አይመሰክርም፤ በሌላው ፎቶግራፍ አብሮት የተነሣው ሞግዚቱ ካፒቴን ስፒዲ እንኳ የሐበሻ ልብስ ለብሶ «ባሻ ፈለቀ» ተብሏል።

እንግዲህ ታሪክን እንጠይቅ። አባቱ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠውተዋል፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በግንቦት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ሲጓዙ በትግራይ ምድር ዐርፈዋል። ፎቶግራፉ ሲነሣ ልጁ ከሁለቱም ከተለየ ገና ጥቂት ወራት ነው።

የፎቶግራፉ ርእስ «ደጃች ዓለማየሁ፥ የንጉሥ ቴዎድሮስ ልጅ» ይላል። የእናቱ ስም የለበትም። ለደባርቅና ለዳባት ተማሪ ግን የጐደለው ስም የገዛ አገሩ ነው። ጥሩወርቅ ስሜንንና ትግራይን ይገዙ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ውቤ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በጃናሞራ፥ ደረስጌ ላይ በካሣ ኃይሉ ድል ተነሥተው ታሰሩ፤ ካሣም ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ስለዚህ በዚያ ሕፃን ፊት ላይ ድል አድራጊውም ድል የተነሣውም አሉ፤ ርእሱ ግን የጠራው አንዱን ብቻ ነው።

ዓለማየሁ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ዐርፎ በዊንዘር ተቀበረ።

በየቢሮው ጉርድ ፎቶግራፍ የተለጠፈበት ማመልከቻ የምትቀበሉ ወጣት ሹማምንት ሆይ፥ ፊት አይታችሁ ለመፍረድ አትቸኵሉ። ተማሪዎችም በየቤታችሁ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ አውርዳችሁ፥ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጠይቁና ከጀርባው የአባትንም የእናትንም ስም ጻፉበት።