ከአስፋልቱ በላይ ወይስ በታች?

የአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በቻይናው የመንገድና ድልድይ ኮርፖሬሽን ተሠርቶ ሲከፈት መኪና ሳይቆም እንዲያልፍበት ታስቦ ነበር። 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሰፈርን ከሰፈር፣ ቤትን ከገበያ ስለለየም ለእግረኛው በየተወሰነ ርቀት ድልድይ ቆመለት። ብዙ ሰው ግን ድልድዩን ትቶ የመሀሉን ግንብ እየዘለለ ይሻገራል። «የግንዛቤ ችግር ነው» የሚለው ማብራሪያ ዓመታት አስቆጥሯል። ለእኔ ነገሩ በመጀመሪያ የሒሳብ ጉዳይ ነው።

የጭነት መኪና በሥሩ የሚያልፍበት የእግረኛ ድልድይ ወለሉ ከአስፋልቱ ወደ 6 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ይህ በተለመደው የደረጃ ከፍታ 38 ያህል ደረጃ መውጣት፣ ከዚያም ያንኑ ያህል መውረድ ማለት ነው። ሰው ግን ከመኪና ያጥራል። ለእግረኛ 2 ሜትር ተኩል የውስጥ ከፍታ ስለሚበቃ፣ የጣሪያው አርማታና ከላዩ ያለው የመንገድ ንጣፍ ተደምረው የምድር ውስጥ መተላለፊያ 3 ሜትር ተኩል ገደማ ቢወርድ ይበቃዋል፤ 22 ደረጃ መሆኑ ነው። ለተሽከርካሪ ወንበርና ለሕፃን ጋሪ በየ12 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ የሚወርድ ተዳፋት ከተሠራ፣ ድልድዩ በየጎኑ 72 ሜትር ሲጠይቅ መተላለፊያው 42 ሜትር ይጠይቃል። ለበዓል በግ ትከሻው ላይ ጭኖ የሚሄድ ሰው ይህን ልዩነት ለማወቅ ሜትር አያስፈልገውም።

ታዲያ ለምን በየቦታው አልተቆፈረም? ትራፊኩን ለወራት መዝጋት ስለሚያስፈራ ነው። ተገጣጣሚ ኮንክሪት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በቦታው አርማታ ከተሞላ ፌሮ ማሰር፣ ፎርምወርክ ማቆምና ኮንክሪቱ እስኪጠነክር መጠበቅ ሁሉ ጉድጓዱ ተከፍቶ እያለ ይሆናል። ተገጣጣሚው ግን ፋብሪካ ውስጥ ሣጥን ሆኖ ተሠርቶና ጠንክሮ፣ እያንዳንዱ ክፍል አንድ ወይም ሁለት ሜትር ርዝመት ይዞ በሎቤድ ይመጣል። ግማሹ መንገድ በሌሊት ይዘጋና ይቆፈራል። ጉድጓዱ ውስጥ ስስ የኮንክሪት ንጣፍ ይደረጋል፤ ክሬን ሣጥኖቹን አንድ በአንድ ያስቀምጣል፤ የአንዱ ምላስ በሌላው ጉሮሮ ይገባል፤ በመካከላቸው ጎማ ይጠቀጠቃል። ከዚያ ውኃ የማያስገባ ሽፋን ይለበጥበታል። አፈሩ በሁለቱም ጎን እኩል እየተሞላ ይጠቀጠቃል፤ በአንድ ወገን ቀድሞ ከተሞላ ሣጥኑ ይገፋል። ቀጥሎ ሌላው ግማሽ።

ኔዘርላንድስ ውስጥ፣ ኤደ በምትባል ከተማ አጠገብ፣ ኤ12 የተባለው አውራ ጎዳና ሥር በአንድ ቅዳሜና እሑድ ዋሻ ተገፍቶ ገባ። የሥራው ቪዲዮ ብዙዎችን አስደንቋል። ዋሻው ግን አስቀድሞ ከመንገዱ ጎን ተሠርቶ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ሁለቱ ቀን መንገዱ የተዘጋበት ብቻ ነው። የተገጣጣሚ ሥራ ትርፉም ይኸው ነው። ልፋቱን አይቀንሰውም፣ ከመንገዱ ላይ ያነሳዋል እንጂ።

አዲስ አበባ ላይ ግን ሣጥኑ ቀላሉ ክፍል ነው። አስፋልቱ ሥር የውኃ ቧንቧ፣ የፍሳሽ መስመር፣ የመብራትና የቴሌ ኬብል አለ፤ ሁሉም የት እንደተቀበረ በካርታ ላይ በትክክል ሰፍሮ የሚያገኝ መሐንዲስ ዕድለኛ ነው። እንደ ቦሌ ባለው ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ መሬቱ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በገረጋንቲ ካልተተካ በሣጥኖቹ መካከል ያለው መጋጠሚያ መከፈቱ አይቀርም። ከሁሉ በላይ የክረምቱ ዝናብ አለ። ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነገር ሁሉ የውኃ መሰብሰቢያ ነው። ወለሉ ወደ አንድ ጉድጓድ ካላዘነበለና እዚያ ያለው ፓምፕ መብራት በጠፋ ቀንም ካልሠራ፣ ሐምሌ ላይ እግረኛው ተመልሶ ግንቡን ይዘላል።

ሌላው ፍርሃት ነው። ምሽት ላይ ብቻዋን የምትሄድ ሴት ወደ ጨለማ ጉድጓድ አትወርድም፤ ትክክልም ናት። በእንግሊዝ ከተሞች በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተሠሩት መተላለፊያዎች ብዙዎቹ በዚሁ ምክንያት ኋላ ተደፍነዋል። ደቾች ለዚህ ያገኙት መላ አለ። መንገዱን ራሱን ትንሽ ከፍ ያደርጉታል፣ መተላለፊያውን ሰፊና አጭር አድርገው ቀጥ ያደርጉታል፤ የሚገባው ሰው ገና ከአፉ ላይ ሆኖ ወዲያኛውን ጫፍ ያያል። በቅርቡ በኮሪደር ልማቱ አራት ኪሎ ላይ የተሠራው የምድር ውስጥ መተላለፊያ ሱቆች አሉት። ይህም አንድ መንገድ ነው፤ ባለሱቅ ባለበት ዓይን አለ፣ ሱቁ ሲዘጋ የሚሆነውን ግን ጥበቃው መመለስ አለበት።

እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር፤ መኪና ቀስ ማለት በሚችልበት የከተማ ጎዳና ላይ እግረኛውን ከመሬት በታች ማውረድ አይገባም። ከከተማዋ ነዋሪ ጉዞ ከግማሽ በላዩ በእግር ነው፤ ለዚህ ብዙ ሕዝብ ሰፊ ዜብራ፣ መብራትና ፍጥነት መቀነሻ ይበቃል፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። መቆፈር የሚገባው መኪናው በማይቆምበት ቦታ ብቻ ነው።

ለዚያ ዓይነት መንገድ ምሳሌ ከከተማው ውጭ አለ። በመስከረም 2007 ዓ.ም. ለትራፊክ የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፍጥነት መንገድ በሰዓት እስከ 120 ኪሎ ሜትር ይነዳበታል፤ በሙሌቱ ሥር ግን ለሰውና ለከብት መተላለፊያዎች ተሠርተዋል። አፈሩ ከመሞላቱ በፊት ሣጥን ማስቀመጥ መንገዱ ካለቀ በኋላ ከመቆፈር እጅግ ይረክሳል፤ የሚዘጋ ትራፊክ የለም፣ የሚቆረጥ ኬብል የለም፣ ወለሉም ከዙሪያው ሜዳ እኩል ስለሆነ ፓምፕ አይፈልግም። በቀለበት መንገዱም ላይ አስፋልቱ በሙሌት ከፍ ብሎ የሚያልፍባቸው ቦታዎች ካሉ፣ ቁፋሮው መጀመር ያለበት ከእነዚያ ነው፤ እዚያ እግረኛው ደረጃ ሳይወርድ፣ በደጁ መሬት ልክ ቀጥ ብሎ ያልፋል።