ብዙ ስክሪን፣ አንድ ሥዕል፦ የሐይቅና የአምባሰልን ደመና የሚያሳዩ ኮምፒውተሮች እንዴት ይተዳደራሉ?

በሐይቅ ዙሪያና በአምባሰል የበልግ ዝናብ ከየካቲት እስከ ግንቦት ይጠበቃል። አርሶ አደሩ ዘር ከመበተኑ በፊት ሰማዩን ያያል፤ በሬዲዮ የሚነገረውን ትንበያም ያዳምጣል። ከትንበያው በስተጀርባ የሳተላይት ምስል የሚያነቡ ባለሙያዎች አሉ። ምስሎቹ ደግሞ በአንድ የቢሮ ኮምፒውተር ላይ በሙላት የሚታዩ አይደሉም።

ሴንቲኔል 2 የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት በሚያነሣው ምስል አንዷ ነጥብ በመሬት ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት። በዚህ ስሌት ሩብ ሄክታር ማሳ 25 ነጥብ ይሆናል፤ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ሎጎ ሐይቅ ደግሞ 230 ሺህ ያህል። ምስሉ 110 ኪሎ ሜትር በ110 ኪሎ ሜትር ገደማ እየተቆረጠ የሚቀርብ ሲሆን፣ አንዱ ቁራጭ ከ120 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ይይዛል። 1920 በ1080 የሆነው የተለመደ ስክሪን የሚያሳየው 2 ሚሊዮን ያህሉን ብቻ ነው።

ስለዚህ በተለያዩ አገራት ያሉ የሳተላይትና የአየር ትንበያ ማዕከላት ስክሪኖችን እንደ ግድግዳ ደርድረው፣ ከኋላቸው በኔትወርክ የተሳሰሩ ኮምፒውተሮችን ያቆማሉ። አሠራሩ ደቦን ይመስላል። አንዱ መሪ ኮምፒውተር ሥራውን ያከፋፍላል፤ እያንዳንዱ ተከታይ የድርሻውን ቁራጭ ይሥላል። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1992 እ.ኤ.አ ግድግዳዎቹ ሥዕል የሚያሳዩበትን «ኬቭ» የተባለ ክፍል ለእይታ አቅርበው ነበር። መስከረም 24 ቀን 2015 ዓ.ም በአዲስ አበባ የተመረቀው የሳይንስ ሙዚየምም የጉልላት ትርኢት አዳራሽ አለው፤ በዚህ ዓይነት አዳራሾች ብዙ ጊዜ የበርካታ ፕሮጀክተሮች ብርሃን ተጋጥሞ አንድ ሰማይ ይሠራል።

ስክሪኑን መስቀል ቀላሉ ሥራ ነው። አስቸጋሪው ሁሉንም እኩል ማስኬድ ነው። የአስተዳዳሪው ዋነኛ ጠላትም የጠፋው ስክሪን አይደለም፤ የጠፋውን ማንም ያየዋል። አደገኛው ሳይጠፋ ወደኋላ የቀረው ነው። ሁለተኛው ትውልድ የሜቴዎሳት ሳተላይት የአፍሪካን ደመና በየ15 ደቂቃው ያነሣል። የሁለት ስክሪኖች መገናኛ በሐይቅና በአምባሰል መካከል ቢያልፍ፣ አንዱ ኮምፒውተርም የቀደመውን ምስል ይዞ ቢቀር፣ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ደመና በ10 ኪሎ ሜትር ተዛንፎ ይታያል። ተመልካቹም ደመናው መንገድ ላይ የተቆረጠ ይመስለዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ የሁሉንም ኮምፒውተር ሰዓት ከአንድ ምንጭ ጋር ማስተካከል፣ ፕሮግራሙን በሁሉም ላይ በአንድ ጊዜ ማደስና የምስሉን ሰዓት በየስክሪኑ ጥግ ማሳየት ነው። አንዱን አድሶ ሌላውን «ነገ» ማለት የብዙ ብልሽት ምንጭ ነው።

ቀለምም ያታልላል። በዝናብ ካርታ ላይ የቀለም ልዩነት የመጠን ልዩነት ነው። ያረጀ ስክሪን ከጎረቤቱ ሲደበዝዝ መካከለኛው ዝናብ ቀላል መስሎ ይነበባል። በመሆኑም ብርሃናቸው በመለኪያ መሣሪያ በየጊዜው ይስተካከላል። ሙቀት፣ አቧራና የመብራት መቆራረጥም አሉ፤ መጠባበቂያ ባትሪው መሪውን ኮምፒውተርና ኔትወርኩን በቅድሚያ መያዝ ይኖርበታል፤ መብራት ሲመለስም እነዚሁ ቀድመው ይነሣሉ።

ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ከቻይና ያመጠቀቻት ኢቲአርኤስኤስ 1 ሳተላይት የእርሻንና የደንን ሁኔታ ለመከታተል የታሰበች ነበረች፤ መቆጣጠሪያ ጣቢያዋም በእንጦጦ ነው።

በሐይቅና በውጫሌ ገበያ የዝናብ ካርታ በስልኩ የሚደርሰው ሰው በበኩሉ ጥጉ ላይ የተጻፈውን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ ቢመለከት ይጠቅመዋል። ብዙዎቹ የሳተላይት ምስሎች የሚመዘገቡት በዓለም አቀፉ የግሪንዊች ሰዓት ነው። 06:00 ተብሎ የተጻፈው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ማለት ነው።