አንድ መረጃ፣ ሁለት ምስል፦ የወባን ሥርጭት በማጣሪያ ማየት

በአዊ ብሔረሰብ አሥተዳደር ደጋማው የባንጃ አካባቢና ቆላማው ጃዊ በአንድ ዞን ሥር ቢሆኑም የወባ ሥጋታቸው እኩል አይደለም። ይህ ልዩነት በኮምፒውተር መስኮት ላይ የሚታየው ወይም የሚሰወረው መረጃው በተጣራበት መንገድ ነው።

የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር የጤና ተቋማትን ሪፖርት የሚያሰባስበው ዲኤችአይኤስ 2 በተባለ ሥርዓት ነው። በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚበለጽግ፣ ከክፍያ ነጻ የሆነ ሶፍትዌር ነው። ባለሙያው ግራፍ ወይም ካርታ ሲያዘጋጅ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፦ ምን፣ የት፣ መቼ? ማጣሪያ ማለት ከእነዚህ መልሶች ውጭ ያለውን መረጃ ሳይሰርዙ ለጊዜው ከእይታ ማውጣት ነው።

ለማስረዳት ያህል ግምታዊ ቁጥር እንውሰድ። በአንድ ዞን በመስከረም 1 ሺህ፣ በጥቅምትም 1 ሺህ የወባ ሕሙማን ተመዘገቡ እንበል። በማጣሪያው "ዞን" ብቻ ከተመረጠ ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል፤ ለውጥ የለም ያሰኛል። በወረዳ ሲለይ ግን ቆላማው ወረዳ ከ500 ወደ 700 አድጎ፣ የሌሎቹ ድምር ከ500 ወደ 300 ወርዶ ሊገኝ ይችላል። አጎበርና መድኃኒት ወዴት ይሂድ የሚለው ውሳኔ የሚመሠረተው በሁለተኛው ምስል ላይ ነው።

የጊዜ ማጣሪያም ጥንቃቄ ይሻል። የወባ ዋነኛ ወቅት ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ በመሆኑ ጥቅምትን ከሐምሌ ጋር ማነጻጸር ወቅቱ ያመጣውን ጭማሪ አዲስ ወረርሽኝ ሊያስመስል ይችላል። ተገቢው ንጽጽር ካለፉት ዓመታት ጥቅምት ጋር ነው።

የቦታ ማጣሪያ የሚነግረን ሕመምተኛው የታከመበትን ተቋም እንጂ በበሽታው የተያዘበትን ስፍራ አይደለም። ለቀን ሥራ ጃዊ ወርዶ የተመለሰ ሠራተኛ ዳንግላ ከታከመ ቁጥሩ በዳንግላ ይመዘገባል። ስለዚህ በዳንግላ የታየ ጭማሪ ሕሙማኑ ከየት እንደመጡ ሳይጠየቅ ሊተረጎም አይገባም።

ከሁሉም የሚከፋው ባዶና ዜሮ ሲምታቱ ነው። የተወሰኑ ጤና ኬላዎች ሪፖርት ካላደረሱ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሽታው ግን አልቀነሰም። ስለሆነም ባለሙያው የሕሙማኑን ቁጥር ከሪፖርት ምሉዕነት ጋር ጎን ለጎን ማየት ይኖርበታል።

ለስብሰባ የቀረበ ግራፍ ሲመለከቱ በቅድሚያ ከርዕሱ ሥር የተጻፈውን ማንበብ ይበጃል። የትኛው ወረዳ፣ የትኞቹ ወራት፣ የትኞቹ ተቋማት እንደተካተቱ ካልተገለጸ አቅራቢውን መጠየቅ ተገቢ ነው። ከእይታ የወጣው ወረዳ አጎበሩን አጥብቆ የሚሻው ሊሆን ይችላልና።