የአዋሽ የባቡር ድልድይና የካንቲሊቨር ጥበብ

በአዋሽ ወንዝ ገደል ላይ የተዘረጋው የቀድሞው የባቡር ድልድይ፣ ጅቡቲን ከአዲስ አበባ ጋር ባገናኘው የምድር ባቡር መሥመር ላይ ከታነጹት ሥራዎች ሁሉ ከፍ ያለ ግምት የሚሰጠው ነው። ከባሕር ጠረፍ የተነሣ ዕቃ ወደ መሐል አገር ለመግባት ይህን ገደል መሻገር ግድ ስለነበረበት፣ ድልድዩ ደኅና በሆነ ጊዜ ገበያው ይደራ፣ ድልድዩ በተሰበረ ጊዜ ደግሞ ገበያው ይታወክ ነበር። በአዲስ ከተማ የሚገኘው መርካቶም ከተቋቋመበት ጊዜ አንሥቶ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የባሕር ማዶ ሸቀጥ ከሚቀበልባቸው ዋና መንገዶች አንዱ ይኸው የብረት መንገድ ስለነበር፣ የድልድዩን ታሪክ ከገበያው ታሪክ ለይቶ ማየት አይቻልም።

አዋሽ በጊንጪ አካባቢ ካሉት ከፍተኛ ቦታዎች ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቅራቢያ በአቤ ሐይቅ የሚያበቃ፣ ጉዞውን በስምጥ ሸለቆና በአፋር ምድር የሚያጠናቅቅ ወንዝ ነው። በአዋሽ ሰባት ከተማ አጠገብ ሲደርስ የእሳተ ገሞራ ዐለት ሰንጥቆ ጥልቅ ገደል ስለሚያበጅ፣ በእግርና በግመል የሚጓዘው ሰው መውረጃና መውጫ ፈልጎ ሊሻገረው ቢችልም፣ ባቡር ግን እንዲህ ያለውን ቁልቁለትና ዳገት አይችለውም። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲሽከረከር ሰበቃው አነስተኛ መሆኑ ባቡር ከባድ ጭነት በጥቂት ኃይል ለመሳብ ያስችለዋል፤ በዚያው ምክንያት ግን ዳገቱ ጥቂት ሲጨምር መንኰራኵሩ ይንሸራተታል። ስለዚህ የባቡር መሐንዲስ ገደል በገጠመው ቁጥር ያለው ምርጫ ወይ ዙሪያውን መሄድ፣ ወይ በላዩ ላይ ድልድይ መዘርጋት ነው።

የመሥመሩ ሐሳብ የተጀመረው ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሥራ ፈቃድ በሰጡ ጊዜ ሲሆን፣ ኢልግ ከፈረንሳዊው ነጋዴ ከሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቁሞ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። በሁለት ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር የሆነው ይህ መሥመር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ኩባንያው በገንዘብ እጥረትና በአውሮፓ መንግሥታት የጥቅም ሽኩቻ ተይዞ ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ የሥራ ፈቃድ ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጥቶ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ከተመሠረተ በኋላ ግን ሥራው እንደገና ቀጠለ፤ ሐዲዱም ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ አዋሽ ሸለቆ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ በሞጆ በኩል ወደ ሸዋ ከፍታ ወጣ። ባቡሩ ግንቦት 30 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሥራውን ያስጀመሩት ንጉሠ ነገሥት ካረፉ ሦስት ዓመት አልፎ፣ ዙፋኑ ላይ ንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ነበሩ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ በሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የሚደርሰው በሦስተኛው ቀን ነበር፤ የአዋሽ ጣቢያም በዚህ ምክንያት ሆቴልና ምግብ ቤት ያለው ማረፊያ ሆነ። ቀደም ሲል በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይወስድ የነበረው ጉዞ እንዲህ ሲያጥር፣ አቡጀዴና ሌላው ጨርቅ፣ ቆርቆሮ፣ ምስማርና ነጭ ጋዝ ወደ ዋና ከተማዋ በብዛት ይገባ፣ ቡናና ቆዳ ደግሞ ወደ ባሕር ይወርድ ጀመር። የከተማዋ ታላቅ ገበያ በዚያን ጊዜ በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ይቆም ነበር፤ በወረራው ዘመን የጣሊያን አስተዳደር የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ባዛወረበት ቦታ መርካቶ ሲመሠረት ግን በለገሃር ባቡር ጣቢያ የሚራገፈው ዕቃ ጉዞ ወደ አዲሱ ገበያ ሆነ። ቆርቆሮ የለበሱት የአዲስ አበባ ጣሪያዎች ይህ መንገድ ምን እንደሠራ ለማስረዳት ይበቃሉ።

ይህን ሁሉ ሸቀጥ የሚያሻግር የባቡር ድልድይ ከሌላው ድልድይ የሚለየው በጭነቱ ጠባይ ነው። በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ክብደት በአንድ ቦታ የቆመ ሳይሆን የሚሮጥ፣ የሚያንቀጠቅጥና ፍሬን ሲያዝ አግዳሚውን ወደ ፊት የሚገፋ በመሆኑ፣ መዋቅሩ ጽኑ ብቻ ሳይሆን የማይወዛወዝም መሆን ይኖርበታል። ከዚህ የተነሣ በገመድ የተንጠለጠሉ ድልድዮች ለባቡር እምብዛም አልተመረጡም፤ መሐንዲሶች የሚመርጡት ብረቶችን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ አያይዞ የሚሠራውን ትረስ የተባለ መዋቅር ነው። ሦስት ማዕዘን ጎኖቹ ካልታጠፉ ወይም ካልተበጠሱ በቀር ቅርጹን አይለውጥምና፣ በትረስ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ብረት አንድም ይጨመቃል፣ አንድም ይወጠራል እንጂ በመሐሉ አይጎብጥም።

ወንዙ ሰፊ ወይም ገደሉ ጥልቅ ሆኖ በመሐሉ ምሰሶ ለማቆም ወይም የእንጨት መወጣጫ ለመሥራት በማይቻልበት ቦታ ደግሞ ካንቲሊቨር የተባለው ዘዴ ያስፈልጋል። ካንቲሊቨር ማለት አንድ ጫፉ ብቻ ጸንቶ ተይዞ ሌላው ጫፉ ወደ ባዶ ቦታ የተዘረጋ አግዳሚ ሲሆን፣ በመርካቶ ፎቆች ላይ ከግድግዳው ወጥቶ በሥሩ ድጋፍ የሌለው ሰገነት በዚሁ ሕግ የቆመ ነው። የሰገነቱ የላይኛው ክፍል ይወጠራል፣ የታችኛው ይጨመቃል፣ የወጣውንም ክፍል ከኋላው ያለው የሕንጻው ክብደት ይዞ ያስቀረዋል። በድልድይም እንዲሁ ከምሰሶው ወደ ወንዙ የሚዘረጋው ክንድ ከምሰሶው ወደ ዳር በሚዘረጋው ክንድ ሚዛን ስለሚጠበቅ፣ ግንባታው ከሥሩ ድጋፍ ሳይሻ ከሁለት ወገን እየተቀጠለ በመሐል ይገናኛል።

ጀርመናዊው መሐንዲስ ሃይንሪሽ ጌርበር በማይን ወንዝ ላይ ሃስፉርት በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1867 የዘረጋው ድልድይ ከዘመናዊዎቹ የካንቲሊቨር ድልድዮች የመጀመሪያው ነው። ዘዴው በዓለም የታወቀው ግን በስኮትላንድ በፎርዝ ወሽመጥ ላይ በተሠራው የባቡር ድልድይ ሲሆን፣ ለምርጫው ምክንያት የሆነው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1879 የቴይ ድልድይ በዐውሎ ነፋስ ተመትቶ በላዩ ከነበረው ባቡር ጋር መውደቁ ነው። ከዚህ ጥፋት የተማሩት ጆን ፋውለርና ቤንጃሚን ቤከር ነፋስ የማያናውጠው መዋቅር ለማቆም ከ50 ሺህ ቶን በላይ ብረት ተጠቀሙ፤ እ.ኤ.አ. በ1890 የተመረቀው ድልድይ በሁለቱ ታላላቅ ክፍተቶቹ እያንዳንዳቸው 521 ሜትር የሚሻገር ሲሆን፣ ዛሬም ባቡር ያልፍበታል። ቤከር ዘዴውን ለሕዝብ ሲያስረዳ ሁለት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው ጃፓናዊውን መሐንዲስ ካይቺ ዋታናቤን በመሐላቸው ተሸክመው እንዲታዩ አድርጓል።

ዘዴው ግን ስሕተትን ይቅር የማይል ነው። በካናዳ በሴንት ሎረንስ ወንዝ ላይ የኩቤክ ድልድይ ሲሠራ ክፍተቱ እንዲሰፋ ከተወሰነ በኋላ የመዋቅሩ ክብደት በትክክል እንደገና ባለመሰላቱ፣ የሚጨመቁት ብረቶች ጎብጠው እ.ኤ.አ. በ1907 ድልድዩ ወድቆ 75 ሠራተኞች ሞቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1916 ደግሞ የመሐሉ ክፍል ወደ ላይ ሲነሣ ወድቆ 13 ሰዎችን ገደለ። በመጨረሻ ሥራው የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1917፣ ማለትም ባቡር አዲስ አበባ በገባበት ዓመት ሲሆን፣ 549 ሜትር የሆነው ክፍተቱ እስከ ዛሬ ከካንቲሊቨር ድልድዮች ሁሉ ረጅሙ ነው።

ኢትዮጵያም ይህን ጥበብ በአባይ በረሃ ታውቀዋለች። በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው 303 ሜትር ርዝመት ያለው የሕዳሴ ድልድይ፣ ምንም እንኳ የመኪና እንጂ የባቡር ድልድይ ባይሆን፣ ኮንክሪቱ ከምሰሶዎቹ ወደ ግራና ቀኝ በእኩል ሚዛን እየተቀጠለ 145 ሜትር የሆነውን የመሐል ክፍተት የተሻገረው በካንቲሊቨር ዘዴ ነው።

የአዋሽ ድልድይ በስፋቱ ከእነዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ በተሸከመው ኃላፊነት ግን ከአንዳቸውም አያንስም፤ ሌላ መሻገሪያ የሌለው መሥመር ሕይወቱ በዚህ አንድ ቦታ ላይ የተንጠለጠለ ነበርና። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ የአዋሽን መሻገሪያዎች ያፈረሰው ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ ሆኖም በእንግሊዝ ጦር ሥር የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ብርጌድ ወንዙን በኃይል ተሻግሮ ከጥቂት ቀናት በኋላ ጦሩ አዲስ አበባ ገባ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ጦርነት ጊዜም የመሥመሩ ድልድዮች ፈንጂ ተጠምዶባቸው የባቡሩ ጉዞ ለረጅም ጊዜ ተቋረጠ። ከሁሉም የከፋው ግን በጥር 1977 ዓ.ም. የደረሰው ነው፤ ከድሬዳዋ ይመጣ የነበረ የመንገደኞች ባቡር አዋሽ አጠገብ በገደል ላይ በታነጸ ጠመዝማዛ ድልድይ ሲያልፍ ፍጥነቱን ባለመቀነሱ ከሐዲዱ ወጥቶ ፉርጎዎቹ ወደ ገደሉ ወደቁ፣ ከ400 በላይ ሰዎችም ሞቱ። በአፍሪካ ከደረሱት የባቡር አደጋዎች እጅግ አስከፊ ከሚባሉት አንዱ የሆነው ይህ መከራ፣ ድልድይ የሚጸናው በብረቱ ብቻ ሳይሆን በሚያልፍበት ሰው ጥንቃቄም መሆኑን ያስተምራል።

ዛሬ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሰፊ ሐዲድ የአሮጌውን መሥመር ሥራ ተረክቧል፤ በመርካቶም በኩል በአውቶቡስ ተራና በጎጃም በረንዳ የሚያልፈው የከተማ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ተከፍቷል። አሮጌው መሥመር ሥራውን ሲያቆም ጥያቄው ስለ ቀሪው ብረት ይሆናል። በመርካቶው ምናለሽ ተራ አሮጌ ብረት በኪሎ ተመዝኖና ተቀጥቅጦ ምድጃና ማጭድ መሆኑ ክቡር ሙያ ነው፤ ታሪክ የተሸከመ ድልድይ ግን በኪሎ ሊመዘን አይገባውም።

ሌሎች አገሮች ይህን በተግባር አሳይተዋል። በኒውዮርክ ግዛት በሃድሰን ወንዝ ላይ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተሠራው የፖኪፕሲ የባቡር ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1974 ከተቃጠለ በኋላ ለዐሥርት ዓመታት ተጥሎ ቢቆይም፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የእግረኞች መንገድ ሆኖ ተከፍቶ የአካባቢው ሕዝብና የጎብኚ መናፈሻ ሆኗል፤ የፎርዝ ድልድይም እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የአዋሽ ድልድይ ከከተማው፣ ከአሮጌው ጣቢያና ከአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አጠገብ የሚገኝ በመሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ አገልግሎት የተመቸ ነው። የሚመለከታቸው የቅርስና የባቡር መሥሪያ ቤቶች አሮጌውን መሥመር ከነድልድዮቹ መዝግበው፣ ከዝገትና ከስርቆት ጠብቀው፣ ለትምህርትና ለጉብኝት ቢያውሉት፣ የአገሪቱን ገበያ ከዓለም ጋር ላገናኘው መሥመርና በላዩ ላይ ሕይወታቸውን ላጡት ሁሉ ተገቢውን ክብር ይሰጣሉ።