«የሙቀት ፓምፕ» እና «የወለል ሥር ማሞቂያ»፦ ስለ ስያሜያቸው

እንደሚታወቀው፣ አዲስ መሣሪያ ወደ አገር ሲገባ ተስማሚ ስም ካላገኘ ቀድሞ በሚታወቅ ሌላ መሣሪያ ስም ይጠራል፤ ስሙም ጠባዩን ይሸፍንበታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምራቸው ሁለት ስሞች ይህ አደጋ ያለባቸው ናቸው። ለምሳሌ በከምባታ ዞን በሺንሺቾ ከተማ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው የሐምሌን ብርድ አስቦ በሥራ ውሉ ላይ «የወለል ማሞቂያ ይገባል» ብሎ ቢያጽፍ፣ በኤሌክትሪክ የሚግል ሽቦም፣ ሙቅ ውኃ የሚዞርበት ቧንቧም ውሉን ያሟላሉ። ልዩነቱ የሚታወቀው ግን ሊሾው ከተሠራ በኋላ፣ የመብራት ሒሳብ ሲመጣ ነው።

ሀ. ፅንሰ ሐሳቡ

በከምባታና በሀዲያ የቆየው ክብ የሣር ቤት የሚሞቀው በመካከሉ ባለው ምድጃና በአንድ ወገን በሚያድሩት ከብቶች ነው። ምድጃ እንጨት በማቃጠል፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ሽቦ በማጋል ሙቀት ያመነጫሉ። የኤሌክትሪኩ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ቢሰጠው ከዚያ የበለጠ ሙቀት አይመልስም። የምንነጋገርበት መሣሪያ ግን በውጭ አየር ወይም በመሬት ውስጥ ያለውን ሙቀት ሰብስቦ ወደ ቤት ያስገባል። አሠራሩ የፍሪጅ ነው፤ ፍሪጅ ከሆዱ ያወጣውን ሙቀት በጀርባው እንደሚለቅ፣ ይህም ከደጅ የወሰደውን በቤት ውስጥ ይለቃል። በቀላሉ የሚተን ፈሳሽ ከውጭ ሙቀት ወስዶ ይተናል፤ መጭመቂያው ትነቱን ሲጨምቀው ይበልጥ ይግላል፤ ሙቀቱንም ለውኃው ሰጥቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። ለአንድ እጅ ኤሌክትሪክ በተስማሚ ሁኔታ ሦስት ወይም አራት እጅ ሙቀት ያደርሳል። በዚህ መንገድ ቤትን ማሞቅ እንደሚቻል ዊልያም ቶምሰን (በኋላ ሎርድ ኬልቪን) በ1852 እ.ኤ.አ. አስረድቶ ነበር።

ለ. አማራጭ ስያሜዎች

«ማሞቂያ» ከ«አሞቀ» የወጣ የመሣሪያ ስም ሲሆን፣ ሙቀቱ ከየት እንደ መጣ አይናገርም። «ሙቀት መቅጃ» ውኃን ከምንጭ መቅዳትን ስለሚያስታውስ ያማረ ነው፤ ነገር ግን «ድምፅ መቅጃ» በሚለው ስያሜ ምክንያት የሙቀትን መጠን የሚመዘግብ መሣሪያ ሊያስመስለው ይችላል። «ሙቀት አሻጋሪ»ም በቂ አይደለም፤ ሙቀት ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው በራሱም ይሻገራልና። የመሣሪያው መለያ ኃይል እየፈጀ ከቀዘቀዘው ወደ ሞቀው ማድረሱ ነው።

ፓምፕ ደግሞ ውኃን ከዝቅተኛ ሥፍራ ወደ ከፍተኛ እንደሚያወጣ ገበሬውም ከተሜውም ያውቃል። ስለዚህ «የሙቀት ፓምፕ» የሚለውን እንመርጣለን፤ ውሰት ቃል መያዙ አያስነቅፈውም። ሆኖም ውኃውን በቧንቧ የሚያዞር ሌላ ፓምፕ ስላለ፣ እርሱን «አዟሪ ፓምፕ» ብሎ መለየት ያሻል።

ሐ. ሁለቱ ስለሚጣመሩበት ምክንያት

በዕለት ተዕለት አማርኛ «ሙቀት» ሁለት ነገር ያመለክታል፤ አንዱ ራሱ ሙቀቱ፣ ሁለተኛው በቴርሞሜትር የሚለካው «መጠነ ሙቀት» ነው። ሁለቱ ካልተለዩ ለብ ያለ ወለል ክፍልን ማሞቁ አይገባም። ወለል ሰፊ ስለሆነ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውኃ ይበቃዋል። ከጥልቅ ጉድጓድ ይልቅ ከቅርብ ጉድጓድ ውኃ ማውጣት እንደሚቀል ሁሉ፣ የሙቀት ፓምፑም የሚደርስበት መጠነ ሙቀት ዝቅ ባለ ቁጥር የሚፈጀው ኃይል ይቀንሳል።

ይሁን እንጂ ሲሚንቶ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ሰዓታት ይፈጅበታል። ቀኑ ሞቆ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት አገር ይህ ታስቦ ሊታቀድ፣ አስቀድሞም ሙቀት በቆርቆሮው ጣሪያ እንዳይወጣ ኮርኒሱ ሊደፈን ይገባል።

መ. የስያሜዎቹ ፍች

የሙቀት ፓምፕ፦ ኃይል እየፈጀ ሙቀትን ዝቅተኛ መጠነ ሙቀት ካለው ሥፍራ ወደ ከፍተኛው የሚያደርስ መሣሪያ።

የወለል ሥር ማሞቂያ፦ ከሊሾ በታች የተቀበረ፣ ክፍልን በወለሉ በኩል የሚያሞቅ መዋቅር። በውል ሲጻፍ «ባለ ቧንቧ» ወይም «ባለ ሽቦ» የሚል ቅጽል ሊለየው ይገባል።

ሙቀት ከል፦ ሙቀቱ ወደ መሬት እንዳይሰርግ ከቧንቧው በታች የሚነጠፍ ንጣፍ።

እነዚህ ለአማርኛ የቀረቡ ናቸው። የሺንሺቾ ግንበኛና ባለቤት በከምባትኛ ሲነጋገሩ የሚጠቀሙባቸውን ስሞች የቋንቋው ተናጋሪዎች ከራሳቸው ግሦች ቢያወጡ፣ በፍቹ ላይ የተገለጸው ልዩነት እንዲጠበቅ አደራ እንላለን።